አካል አማና ነው
ስለ መብል መፈጨት፣ ስለ ደም ዝውውርና ስለ ሰውነት ጠባቂዎች የተሰጠ ትምህርት

ከእናንተ መካከል ነጋዴ የሆነ ሁሉ አማና ምን እንደ ሆነ ያውቃል። መንገደኛ ወዳጁ ዕቃውን በመጋዘኑ አስቀምጦ ቢሄድ፣ ስንት ኩንታል እንደ ገባ፣ ስንት እንደ ወጣ፣ ምን ያህልም እንደ ቀረ በመዝገብ ይጽፋል፤ ዝናም እንዳያገኘው፣ አይጥም እንዳይበላው ይጠነቀቃል፤ ባለቤቱ በተመለሰ ጊዜም ሒሳቡን አሟልቶ ያስረክባል። ከዚህ የበለጠው አማና ግን ሳንገዛውና ሳንለምነው የተሰጠን የገዛ አካላችን ነው። ነገር ግን የመጋዘኑን ሒሳብ እስከ ሳንቲሙ የሚያውቅ ሰው፣ ጧት የቈረሰው እንጀራ ከጉሮሮው በታች ወዴት እንደ ደረሰ ቢጠየቅ መልስ ያጣል። የማያውቁትን አማና በሚገባ መጠበቅ ደግሞ አስቸጋሪ ነው።

ስለዚህ መብል እንዴት እንደሚፈጭ፣ ደም እንዴት እንደሚዘዋወር፣ ሰውነትም ደዌን እንዴት እንደሚከላከል በተራ እንመለከታለን፤ በመጨረሻም ከእኛ የሚፈለገውን ዕዳ እንናገራለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አንደኛ ክፍል፦ ስለ መብል

የመብል መፈጨት የሚጀምረው በሆድ ሳይሆን በአፍ ነው። ጥርስ ይሰብረዋል፣ ምላስ ያገላብጠዋል፣ ምራቅ ያርሰዋል። ምራቅ ማርጠቢያ ብቻ እንዳይመስለን፤ በእህል ውስጥ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጥ ኢንዛይም የሚባል ነገር አለበት። ይህን ለመፈተን የሚወድ ሰው ቍራሽ ዳቦ ሳይውጥ ብዙ ጊዜ ያኝክ፤ ጥቂት ቈይቶ ጣፋጭነት ይሰማዋል።

ጉርሻው ሲዋጥ የአየር ቧንቧው በክዳን ይዘጋል፤ መብሉም ወደ ጨጓራ ይወርዳል። በጨጓራ ውስጥ ብዙ ተሐዋስያንን ለመግደል የሚበቃ ብርቱ አሲድ አለ። ይህ አሲድ ሥጋን የሚያሟሟ ሲሆን የጨጓራን ግድግዳ የማይበላበት ምክንያት፣ ግድግዳው በዝልግልግ ልባስ ስለ ተሸፈነ ነው። ከዚያ መብሉ ጥቂት በጥቂት ወደ ትንሹ አንጀት ያልፋል። በዚያም ከጉበት የሚመጣው ሐሞት፣ ሳሙና ቅባትን እንደሚበትን ስቡን ይበትነዋል፤ ከቆሽት የሚመጣውም ፈሳሽ የቀረውን ያደቅቀዋል። የአንጀት ውስጠኛ ገጽ እንደ ምንጣፍ ጠጕር ባሉ ጥቃቅን ጫፎች የተሸፈነ ነው፤ የላመው መብልም በእነዚህ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል።

እዚህ ላይ የሒሳብ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን ከሚጠጣውና ከሚበላው 2 ሊትር ያህል ፈሳሽ ወደ ሆዱ ይገባል። ሰውነት ራሱ ደግሞ ምራቁን፣ የጨጓራውን ውኃ፣ ሐሞቱንና የቆሽቱን ፈሳሽ እየጨመረ 7 ሊትር ያህል ያፈሳል። ድምሩ 9 ሊትር መሆኑ ነው። በሰገራ የሚወጣው ግን ከሊትር አንድ አምስተኛውን አያልፍም፤ የቀረው ሁሉ በትንሹና በትልቁ አንጀት በኩል ተመልሶ ይሰበሰባል። እንግዲህ አካል በየቀኑ 7 ሊትር የገዛ ሀብቱን አውጥቶ ይሠራበታል፤ በየቀኑም መልሶ ይረከበዋል።

ተቅማጥ ማለት ይህ መመለስ ሲቋረጥ ነው። ሀብቱ ወጥቶ ሳይመለስ ይቀራል። ሕፃን ልጅ ደግሞ የውኃ ሀብቱ ጥቂት ስለ ሆነ በአንድ ቀን ውስጥ ሊከስር ይችላል። አንዳንድ ቤተ ሰብ ሆዱ እንዲደርቅ በማለት ለታመመው ልጅ ውኃና ጡት ይከለክላል። ይህ የከሰረውን ነጋዴ የቀረውን ገንዘብ እንደ መቀማት ነው፤ ብዙ ሕፃናትም የሞቱት በተቅማጡ ብቻ ሳይሆን ውኃ በማጣት ነው።

ሊቃውንት እንዳገኙት፣ ስኳርና ጨው በልክ ሆነው ሲገኙ በአንጀት ግድግዳ በኩል ተያይዘው ይገባሉ፤ ውኃውንም ይዘውት ይገባሉ። ይህም በር ተቅማጥ ባለበት ጊዜ እንኳ አይዘጋም። በ1971 ከዛሬይቱ ባንግላዴሽ ወደ ሕንድ በተሰደዱት ሕዝቦች መካከል ኮሌራ በገባ ጊዜ፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። በዚያን ጊዜ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለ ሐኪም ስኳርና ጨው በውኃ አስበጥብጦ በአፍ እንዲሰጥ አደረገ። አስቀድሞ ከ100 ሕሙማን 30 ያህል ይሞቱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በእርሱ ጣቢያ ከ100 የሚሞቱት 4 እንኳ አልሞሉም። ዛሬ ይህ ዱቄት ኦ.አር.ኤስ. ተብሎ በከረጢት ይገኛል። በከረጢቱ ላይ በተጻፈው ልክ በንጹሕ ውኃ በጥብጡት፤ ውኃውን አታሳንሱ፣ አታብዙም፤ ልጁም ጡቱንና ምግቡን አይከልከል። ልጁ የሚጠጣውን የሚያስመልስ፣ የሚደክም ወይም ዓይኑ የሚሰረጕድ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ሁለተኛ ክፍል፦ ስለ ደም

ጃሊኑስ የተባለው ጥንታዊ የግሪክ ሐኪም፣ ደም በጉበት ውስጥ ይሠራል፤ ወደ ብልቶችም ፈስሶ በዚያው ያልቃል፤ ከልብ ቀኝ ክፍል ወደ ግራው የሚያልፈውም በመካከላቸው ባለው ግድግዳ ላይ በማይታዩ ቀዳዳዎች ነው ብሎ አስተማረ። ዓለምም ከ1,000 ዓመት በላይ ይህን ተቀብሎ ኖረ፤ ታላቁ ኢብኑ ሲናም በዚሁ መንገድ ሄደ።

በ13ኛው መቶ ዓመት በደማስቆ የተማረውና በካይሮ የኖረው ዓላኡዲን ኢብኑ አን-ነፊስ ግን፣ የኢብኑ ሲናን መጽሐፍ ሲያብራራ የመምህሩን ክብር ሳይቀንስ ስሕተቱን ገለጠ። በልብ መካከል ያለው ግድግዳ ድፍን ነው፤ ቀዳዳ የለውም፤ ደሙ ከቀኝ ክፍል ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ በዚያ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ወደ ግራው ክፍል ይመለሳል ብሎ ጻፈ። እርሱ ሐኪም ብቻ ሳይሆን የሻፊዒይ ፊቅህ መምህርም ነበረ። በ1288 ሲሞት ቤቱንና መጻሕፍቱን በካይሮ ለነበረው ለመንሱሪ ሆስፒታል ተናዘዘ። ይህ ሥራው ለብዙ ዘመን ተረስቶ ከቈየ በኋላ፣ በ1924 አንድ ግብፃዊ ሐኪም በበርሊን ቤተ መጻሕፍት ጽሑፉን አግኝቶ ለዓለም አስታወቀ።

የቀረውን ዙር ያስረዳው እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቬይ ነው። በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዱ ነጋዴ ሁሉ የሚያውቀው ሒሳብ ነበረ። በዛሬው ልክ ብናሰላው እንዲህ ነው፤ ልብ በአንድ ደቂቃ 70 ጊዜ ያህል ይመታል፤ በእያንዳንዱ ምት 70 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያወጣል። ይህም በደቂቃ 5 ሊትር፣ በሰዓት 300 ሊትር ይጠጋል። በአዋቂ ሰው አካል ውስጥ ያለው ደም ግን በጠቅላላው 5 ሊትር ያህል ነው። ከአንድ መጋዘን በሰዓት 300 ኩንታል ሲወጣ ብናይና በውስጡ ያለው 5 ኩንታል ብቻ ቢሆን ምን እንፈርዳለን? ያው ዕቃ ዞሮ እየተመለሰ ነው እንላለን። ሃርቬይም እንዲሁ ፈረደ። በ1661 ጣሊያናዊው ማልፒጊ በማጉያ መነጽር የእንቍራሪትን ሳንባ ሲመረምር፣ የወጪውንና የተመላሹን ሥር የሚያገናኙትን እንደ ጠጕር የቀጠኑ ሥሮች አገኘ። ቋንቋችንም አንዱን ደም ቅዳ፣ ሁለተኛውን ደም መልስ ብሎ መሰየሙ ነገሩን በአጭር ቃል ያስረዳል።

አሁን ወደ መብሉ እንመለስ። ከአንጀት የተነሣው ደም በቀጥታ ወደ ልብ አይሄድም። አስቀድሞ በጉበት በኩል ያልፋል። ጉበት እንደ ጉምሩክ ነው፤ የገባውን ይፈትሻል፣ ስኳሩን ያከማቻል፣ መርዙን ያከሽፋል። ነገር ግን ጉምሩኩ ራሱ የሚጎዳበት ዕቃ አለ። በ1960 በእንግሊዝ አገር ተርኪ የሚባሉ ትልልቅ ዶሮዎች ከ100,000 በላይ አለቁ። ምክንያቱ ሲመረመር የበሉት የኦቾሎኒ መኖ ሻጋታ ያደረበት ሆኖ ተገኘ፤ መርዙም አፍላቶክሲን ተባለ። ይህ መርዝ እርጥበት ባገኘው ኦቾሎኒ፣ በቆሎና በርበሬ ላይ ያድራል፤ በቤት ውስጥ ማብሰል አያጠፋውም፤ ለብዙ ጊዜ የበላውንም ሰው ለጉበት ነቀርሳ ያጋልጣል።

እንግዲህ ክብደት እንዲጨምር በርበሬውን በውኃ የሚያርስ ነጋዴ፣ ሚዛን አጕድሎ ጥቂት ብር የወሰደ ብቻ ይመስለዋል። እጁ ግን ከገዢው ኪስ አልፎ ጉበቱ ድረስ ደርሷል። ገዢው በዓይኑ የማያየውን ጉዳት በልጆቹ መሶብ ላይ ያቀርባል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ቢታመምም ከየትኛው ሱቅ እንደ መጣበት አያውቅም። ሌላ ሰው ያላወቀው ዕዳ ግን ዕዳነቱ አይቀርም።

ሦስተኛ ክፍል፦ ስለ ጠባቂዎች

የአካል አጥር ቆዳ ነው። ዓይን በእንባ፣ አፍንጫ በንፍጥ፣ ጨጓራም በአሲድ ይጠበቃል። ይህን አጥር ጥሶ የገባ ጠላት ግን ነጭ የደም ሕዋሳትን ያገኛል። በ1882 ኢሊያ ሜችኒኮቭ የተባለ ሩሲያዊ ሊቅ በሲሲሊ ደሴት ሳለ፣ አካሉ ብርሃን በሚያስተላልፍ ትንሽ የባሕር ፍጥረት ውስጥ የጽጌረዳ እሾህ ሰካ። በማግስቱ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከብበውት አየ። በእኛም ቍስል ውስጥ የሚሆነው እንዲሁ ነው፤ መግል በአብዛኛው ሲዋጉ የወደቁ ነጭ ሕዋሳት ክምር ነው።

ከእነዚህ ጠባቂዎች ከፊሎቹ የጠላትን መልክ የሚመዘግቡ ናቸው። አንድ ጊዜ ያዩትን ደዌ ያስታውሳሉ፤ በተመለሰ ጊዜም ለእርሱ የሚስማማውን ፀረ-አካል ፈጥነው ያሰናዳሉ። ፈንጣጣ ይዞት የዳነ ሰው ዳግመኛ እንደማይያዝ የጥንት ሰዎች ያውቁ ነበር፤ አቡ በክር አር-ራዚም ከ1,000 ዓመት በፊት ፈንጣጣንና ኩፍኝን ለይቶ የሚያስረዳ መጽሐፍ ጻፈ። በኢስታንቡል ሴቶች ከፈንጣጣ ቍስል ጥቂት ወስደው ጤነኞችን ይከትቡ ነበር፤ በ1717 ወደዚያ የሄደችው የእንግሊዝ አምባሳደር ሚስት ሌዲ ሜሪ ሞንታጉ ይህን አይታ ወደ አገሯ አደረሰችው። በ1796 ኤድዋርድ ጄነር በላም ፈንጣጣ መከተብ ያንኑ ጥቅም በአነስተኛ ጉዳት እንደሚሰጥ አሳየ።

አንድ ነጋዴ ከትምህርት በኋላ ቀርቦ፣ «ያ ሸይኽ፣ ልጄ ጤነኛ ነው፤ ያልታመመ ልጅ ስለ ምን በመርፌ ይወጋል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም፣ «ለመጋዘንህ ዘበኛ የቀጠርኸው ሌባው ከገባ በኋላ ነውን?» አልሁት። «አይደለም፤ አስቀድሜ ነው» አለ። «ክትባትም ለጠባቂዎቹ የሌባውን መልክ አስቀድሞ ማሳየት ነው» አልሁት። እርሱ ግን ገና አልረካም ነበርና የሚከተለውን ታሪክ ነገርሁት።

በአገራችን በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው በ1976 ነው። በተፈጥሮ መንገድ በዓለም የመጨረሻ ሆኖ የተያዘው ደግሞ በ1977 በሶማሊያ በመርካ ከተማ የነበረ ዓሊ ማው ማዓሊን የተባለ የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበረ። የሚሠራው በሆስፒታል ሆኖ ሳለ መርፌው ያማል ብሎ ፈርቶ ሳይከተብ ቀርቶ ነበር። አላህ አዳነው። በ1980 ፈንጣጣ ከምድር እንደ ጠፋ ታወጀ። ዓሊ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ የፖሊዮን ክትባት ለማዳረስ ከሚሠሩት ጋር ተሰለፈ፤ እምቢ ያሉትንም ወላጆች የራሱን ስሕተት እየነገረ ያስረዳቸው ነበር። በዚሁ ሥራ ላይ ሳለ በ2013 በወባ ሞተ።

ነጋዴው ይህን ሰምቶ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «ነገ እናቱ ትወስደዋለች» አለኝ። እኔም፣ «አንተ ውሰደው፤ አማናው የሁለታችሁ ነው» አልሁት።

መደምደሚያ፦ ስለ ዕዳችን

ክቡራን ሆይ፤ ልብን የምናስመታው እኛ አይደለንም፤ 7 ሊትሩንም የምንሰበስበው እኛ አይደለንም። ይህ ሁሉ ተኝተን ሳለን እንኳ ይከናወንልናል። ለእኛ የተተወው ድርሻ ጥቂት ነው፤ ጥቂት በመሆኑም ምክንያት ማጉደሉ ያሳፍራል።

የመጀመሪያው ዕዳ ለገዛ አካላችን ነው። ከመብል በፊትና ከመጸዳጃ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ሳይጠግቡ መነሣት፣ ጨውንም በቀን ከ5 ግራም በታች ማድረግ ይገባል፤ ጨው ሲበዛ የደም ግፊት ይጨምራልና። ግፊትም ብዙ ጊዜ ሳይሰማ ይቈያል፤ ስለዚህ ሳይታመሙ ማስለካት መልካም ነው።

ሁለተኛው ዕዳ ለልጆቻችን ነው። ክትባታቸው በየጊዜው ይፈጸም፤ በተቅማጥ ቀንም ውኃ አይከልከሉ።

ሦስተኛው ዕዳ ለገዢው ነው። እህሉን ከእርጥበት ጠብቁ፤ የሻገተውን ከደኅናው ጋር አታደባልቁ፤ ቀኑ ያለፈበትንም ዕቃ ከመደርደሪያ አውርዱ። ገዢው የሱቃችሁን ዕቃ ሲገዛ በገንዘቡ ብቻ ሳይሆን በደሙም አምኗችኋል።

አካላችንን በጤና፣ ንግዳችንንም በእውነት ጠብቀን አማናውን ሳናጐድል ከሚያስረክቡት ያድርገን። አሚን።