ለወተትና ለአትክልት ማመላለሻ የምትሆን ትንሽ መኪና አመራረጥ

ገበሬዎች ሆይ! ወተት ታልቦ፣ ቲማቲም ተለቅሞ በጊዜው ከገበያ ካልደረሰ ድካማችሁ ሁሉ በአንድ ቀን ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ጥቂት ጎረቤታሞች ገንዘባቸውን አዋጥተው አንዲት ትንሽ የጭነት መኪና ለመግዛት ቢመክሩ አሳባቸው መልካም ነው። ነገር ግን መኪና መግዛት በሬ እንደ መግዛት ነው። በገበያ ቀን ቆዳው አብረቅርቆ የታየ በሬ ሁሉ ቀንበር አይችልም። በሬ ስትገዙ ጥርሱን ታያላችሁ፣ አስኪዳችሁ ትመለከታላችሁ፣ ከማን ቤት እንደ መጣም ትጠይቃላችሁ። መኪናም እንደዚሁ ይመረመራል።

ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ልብ በሉ። የታመነች መኪና ማለት ከቶ የማትበላሽ ማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለች መኪና የለችም። የታመነች የምትባለው ለሸክሟና ለመንገዷ የተመጠነች፣ ስትበላሽም በቅርብ በሚገኝ መካኒክና በቅርብ በሚገኝ መለዋወጫ ቶሎ የምትነሣ ናት።

1. አስቀድማችሁ ሸክሙን መዝኑ

ለምሳሌ በሱሉልታ የሚኖሩ ገበሬዎች በየቀኑ 300 ሊትር ወተት ወደ አዲስ አበባ ይልካሉ እንበል። አንድ ሊትር ወተት ከአንድ ኪሎ ጥቂት ስለሚበልጥ ወተቱ ብቻውን 310 ኪሎ ያህል ይመዝናል። 50 ሊትር የሚይዙ 6 የአሉሚኒየም ዕቃዎች እያንዳንዳቸው 10 ኪሎ ቢሆኑ 60 ኪሎ ይጨመራል። ሾፌሩና ረዳቱ 130 ኪሎ ቢመዝኑ ድምሩ 500 ኪሎ ይሆናል። እንግዲህ «ወተት ብቻ ነው የምንጭነው» ያለ ሰው 5 ኩንታል መጫኑ ነው።

መኪናዪቱ ልትሸከም የተፈቀደላትን ልክ ከሊብሬዋ ላይ አንብቡ፤ ባለቤቱ በቃል የሚነግራችሁን አትመኑ። የዘወትር ሸክማችሁ ከዚያ ልክ ሩብ ያህል ቢያንስ መልካም ነው። በየቀኑ እስከ ጫፍ የምትጫን መኪና ባሌስትራዋ ይረግባል፤ ጎማዋና ፍሬኗም ቶሎ ያልቃሉ። እንደ ዳማስ ያሉት ትንንሽ መኪናዎች ለእንቁላል፣ ለዳቦና ለጥቂት ሣጥን አትክልት የተመቹ ናቸው። 5 ኩንታል በየቀኑ አሸክሞ ዳገት ማስወጣት ግን ለነርሱ ከልክ ያለፈ ነው፤ ለዚህ እንደ ቶዮታ ሃይስ ያለ ከፍ ያለ መኪና ይሻላል።

2. መንገዱን አስቡ

ከፍ ባለ አገር አየሩ ስስ ነው። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ ከኃይሉ 10 በመቶ ያህል ይጎድልበታል። 2,500 ሜትር በሚሆን ስፍራ የሚሠራ ሞተር ከኃይሉ ሩቡን ያህል አጥቷል ማለት ነው። የዳማስ ሞተር 796 ሲሲ ብቻ ስለሆነ ይህ ጉድለት ጎልቶ ይታይበታል። ደጋ ላይ የምትኖሩ ሁሉ መኪናዋን በሜዳ ብቻ ነድታችሁ አትፍረዱ፤ ሸክም አድርጋችሁ ዳገት አስወጧት።

ቁልቁለቱም ከዳገቱ ያላነሰ ፈተና ነው። ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና የእንጦጦን ተራራ ወርዶ ነው ከተማ የሚገባው። ፍሬን ብቻ እየረገጡ የሚወርዱ ሰዎች ፍሬኑ ግሎ እንዳይከዳቸው ያሠጋል። ስለዚህ በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ፤ መኪናዪቱም በዝቅተኛ ማርሽ ራሷን የምትገታ መሆኗን ሳትገዙ ፈትኑ። መንገዳችሁ ኮረኮንች ከሆነ ደግሞ ሆዷ ከመሬት ምን ያህል እንደሚርቅ ለኩ።

3. መለዋወጫውን ከመኪናው በፊት ፈልጉ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ላይ ነው። መኪናዪቱን ካየ በኋላ ስለ መለዋወጫ ይጠይቃል። እናንተ ግን አስቀድማችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ከተማ ሂዱና ከሦስት ሱቆች አምስት ዕቃ ጠይቁ፤ የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ዲስክ፣ ቺንጋ፣ ራዲያተርና የነዳጅ ፓምፕ። ሁለቱ ሱቆች «ከአዲስ አበባ እናስመጣለን» ካሏችሁ ያን ዐይነት መኪና ተዉት። መኪናዪቱ መለዋወጫ ስትጠብቅ ሦስት ቀን ብትቆም በምሳሌያችን 900 ሊትር ወተት ያለ ማመላለሻ ቀረ ማለት ነው። ላሚቱ ግን መኪናው እስኪጠገን ብላ ወተቷን አትከለክልም።

ሱዙኪ ካሪ እ.ኤ.አ. ከ1961፣ ቶዮታ ሃይስም ከ1967 ጀምሮ የሚሠሩ ናቸው። እንዲህ ብዙ ዘመን በብዛት የተሠራ መኪና ብዙ እጅ ስለሚያውቀው መካኒክ አያጣም። ደግሞም መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ገበሬው የሚያገኘው የነዳጅ መኪና በአብዛኛው አገር ውስጥ ሲሠራ የቆየ ነው። ስለዚህ ምርመራው ከበፊቱ ይልቅ መጥበቅ አለበት።

4. መኪናዪቱን በማለዳ መርምሩ

ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያሞቀው ንገሩት፤ የታመመ ሞተር ሕመሙን የሚናገረው ሲቀዘቅዝ ነውና። የምታምኑት መካኒክ ይዛችሁ እነዚህን ተመልከቱ።

ሀ) ዘይትና ውሃ። የዘይቱን ክዳን ክፈቱ። ወተት የገባበት ቡና የሚመስል ነገር ከታየ ውሃ ከዘይት ተቀላቅሎ ይሆናል፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሳይቃጠል አልቀረም። የጋለ ራዲያተር ግን ፈጽማችሁ አትክፈቱ፤ ፊት ያቃጥላል።

ለ) ጭስ። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እንደሚበላ ያሳያል። ጥቁር ጭስ ነዳጅ በሚገባ አለመቃጠሉን ይነግራል። በብርድ ማለዳ ጥቂት ነጭ እንፋሎት ቢታይ ግድ የለም፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ ካላቆመ ግን ውሃ ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ይሆናል።

ሐ) ፍሪሲዮን። በሜዳ ላይ፣ ከፊት ለፊት ሰው ሳይኖር፣ የእጅ ፍሬኑን ያዙ። ሦስተኛ ማርሽ አግብታችሁ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ሞተሩ ቢጠፋ ደኅና ነው፤ ሳይጠፋ መዞሩን ከቀጠለ ፍሪሲዮኑ አልቋል።

መ) ጎማ። በጎማው ጎን ላይ አራት ቁጥሮች ታገኛላችሁ። 2319 የሚል ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ቢሆንም እንኳ 10 ዓመት ባለፈው ጎማ ሸክም አትጫኑ።

ሠ) ዝገት። ምንጣፉን ገልጣችሁ፣ ከሥርም ገብታችሁ ሻንሲውን እዩ። ቀለም ዝገትን ይሸፍናል እንጂ አያድንም።

ረ) ኪሎ ሜትር። ቆጣሪው ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ቆጣሪው ጥቂት ሲያሳይ የፔዳሉ ጎማና መሪው ተበልተው ከታዩ እጃችሁን ሰብስቡ።

ሰ) ሰነድ። የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። አንድ ቁጥር እንኳ ቢለያይ ገንዘብ አትክፈሉ። ዕዳ ወይም እገዳ እንዳለባትም ከመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

5. ስለ ኤሌክትሪክ መኪና

የኤሌክትሪክ ሞተር በከፍታ ምክንያት ኃይሉ አይቀንስም፤ ዘይትና ፍሪሲዮንም አይጠይቅም። ነገር ግን ሻጩ የሚነግራችሁ ርቀት ሸክምና ዳገት ሲኖር ያጥራል። ስለዚህ ሙሉ ሸክም ጭናችሁ ደርሶ መልሱን ሞክሩት። በመንደራችሁ መብራት በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ ቁጠሩ፤ ሌሊት ያልተሞላ ባትሪ ጧት ወተት አያደርስምና።

6. ሒሳቡን በሊትር አውጡ

ለነዳጅ፣ ለሾፌር፣ ለኢንሹራንስ፣ ለጎማና ለጥገና የሚወጣውን ደምሩ፤ ነገ ሌላ መኪና የምትገዙበትንም በየወሩ አስቀምጡ። ለምሳሌ ያህል ጠቅላላው በወር 36,000 ብር ቢሆንና በወር 9,000 ሊትር ብታመላልሱ ለአንድ ሊትር 4 ብር ይደርሳል። የኪራይ መኪና ይህንኑ በ3 ብር የሚያደርስላችሁ ከሆነ መኪና መግዛቱ ይቆያችሁ። 5 ብር የሚጠይቃችሁ ከሆነ ግን ግዢው ያዋጣል።

ለልማት ሠራተኞች

ይህን ትምህርት በቃል ብቻ አታስተምሩ። ገበሬዎቹን አንድ ማለዳ ከቆመች መኪና ዘንድ ሰብስባችሁ ክዳኑን ራሳቸው ይክፈቱ፣ የጎማውን ቁጥር ራሳቸው ያንብቡ። ከዚያም እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቋቸው።

የምትጭኑት ዕቃ ከነመያዣውና ከነሰዎቹ ስንት ኪሎ ነው? በመንገዳችሁ ላይ ከሁሉ የከፋው ዳገት የቱ ነው? መኪናዋ ዛሬ ብትቆም ማን ይጠግናታል? በዚያ ቀንስ ወተቱን በምን ታደርሱታላችሁ?

ለአራቱም መልስ ያገኘ ማኅበር ለመግዛት ተዘጋጅቷል። መልስ ያላገኘው ደግሞ ገንዘቡን በባንክ አኑሮ ጥቂት ይቆይ። ድስት ጥዶ ከማልቀስ መጥኖ መደቆስ ይሻላልና።