በገበያ መካከል ልብን ስለ ማሳረፍ

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ወንድሜ ሆይ፤ ለመግሪብ ሶላት ቆመህ አንደበትህ ፋቲሓን ሲያነብ፥ ልብህ የት እንደ ነበረ ራስህን ጠይቅ። ምናልባት ሳይሸጥ ከቀረው ጣቃ ዘንድ፥ ወይም በቀጠሮው ቀን ካልመጣው ባለ ዕዳ ዘንድ ነበረ። አሰላመህ ስትጨርስ የሰገድኸው ስንት ረከዓ እንደ ሆነ አታውቅም። ወደ ቤትህም ስትገባ ሚስትህ የምትነግርህን አትሰማም፤ ልጅህም ከጉልበትህ ላይ ሊቀመጥ ቢመጣ፥ ሒሳብ ታስባለህና ገለል ታደርገዋለህ። የምትደክመው ለእነርሱ እንደ ሆነ ትናገራለህ፤ ነገር ግን ከአንተ የሚደርሳቸው ገንዘቡ ብቻ ነው።

ይህ ነገር በአንተ የተጀመረ አይደለም። በመዲና ከተማ፥ በአንድ ጁምዓ ቀን፥ ነቢዩ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ቆመው ኹጥባ ሲያደርጉ፥ እህል የጫነ ሲራራ ከሻም ደረሰ። ሕዝቡም ወደ እርሱ እየተሽቀዳደመ ወጣ፤ ጃቢር ኢብን ዐብዲላህ እንዳወሩት፥ በስፍራቸው የቀሩት 12 ሰዎች ብቻ ነበሩ። የአል ጁሙዓ ምዕራፍ የመጨረሻው አንቀጽ ስለዚሁ ወረደ። እነዚያ የወጡት ክፉዎች አልነበሩም፤ ሙፈሲሮች እንደሚያወሱት በከተማይቱ ረኀብና የኑሮ ውድነት ነበረ፤ እነርሱም ልጆች የሚያበሉ ሰዎች ነበሩ። የፈሩት ሌላው ቀድሞ እህሉን እንዳይገዛው ነው። ይሁን እንጂ ሸክሙን ሳያራግፍ ከገበያ የሚመለስ ሲራራ የት አለ?

ልብ አድርግ፤ ይኸው ምዕራፍ ንግድን አልከለከለም። ጥሪው በተሰማ ጊዜ መሸጥ እንዲቆም፥ ሶላቱ በተፈጸመ ጊዜ ግን ሰዎች በምድር ላይ ተበትነው የአላህን ችሮታ እንዲፈልጉ አዘዘ። ሱቅን ለጥቂት ጊዜ መዝጋት ለብዙዎቻችን ቀላል ነው፤ የሚከብደው ሱቁ ሲዘጋ ልብ ከውስጥ እንዳይቀር ማድረግ ነው።

ኢማም አል ገዛሊ፥ አላህ ይዘንላቸውና፥ «ኢሕያእ ዑሉም አድ ዲን» በተባለው መጽሐፋቸው ተወኩልን በችሎት ክርክር ባለበት ሰው መስለው ያስረዳሉ። ተወኩልና ወኪል ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸውና። ባለ ጉዳዩ ወኪሉ ነገሩን የሚያውቅ፥ ብርቱ፥ አንደበተ ርቱዕና ለእርሱም የሚያዝንለት መሆኑን ካረጋገጠ ልቡ ያርፋል። ሆኖም ወኪሉ ሰነዱን አምጣ ሲለው ያመጣል፤ ቅረብ ሲለውም ይቀርባል፤ ይህም መታመኑን አያጎድልበትም። ከዚህ በላይ ያለው ደረጃ ሕፃን በእናቱ ላይ ያለው መታመን ነው፤ ሦስተኛውም በአጣቢው እጅ እንዳለ ሬሳ መሆን ነው። የኋለኛው ለእንደ እኛ ያለ ባለ ሱቅ ሩቅ ነውና እንተወው፤ የፊተኛውን እንኳ ብናገኝ ብዙ ነበረ። ስለዚህ በብድር ስትሰጥ ጻፍ፥ ምስክርም አቁም፤ በአል በቀራ ምዕራፍ 282ኛው አንቀጽ የታዘዘው ይኸው ነው። ጽፈህ ካበቃህ በኋላ ግን መዝገቡን ሌሊት በልብህ ደግመህ አትግለጠው።

ገዛሊ ይህን የተናገሩት የዱንያን ጭንቀት ሳያውቁ አይደለም። በባግዳድ በኒዛሚያ መድረሳ 300 ያህል ተማሪዎችን ያስተምሩ ነበር፤ ክብርም ገንዘብም አላጡም። በ488 ዓመተ ሂጅራ፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1095፥ ልባቸው በዱንያና በአኼራ መካከል ስድስት ወር ያህል ሲጎተት ቆይቶ አንደበታቸው ተያዘ፤ ምግብም አልወርድ አላቸው። ሐኪሞቹም በሽታው ከልብ የመጣ ነው ብለው ከማከም ተስፋ ቆረጡ። በመጨረሻም ገንዘባቸውን አከፋፍለው ወደ ሻም ወጡ። ነገር ግን ለራሳቸው የሚበቃውን፥ ለልጆቻቸውም ቀለብ የሚሆነውን አስቀርተው ነበር። ተወኩል አለኝ እያለ ቤተ ሰቡን ያለ ቀለብ የሚተው ሰው ይህን ያስተውል።

ገበያውን ሳይለቅ ልቡ ያረፈ ሰው ብትፈልግ ደግሞ ዐብዱ ረሕማን ኢብን ዐውፍን ተመልከት። ስደተኛ ሆነው መዲና በደረሱ ጊዜ ነቢዩ ከሰዕድ ኢብን አር ረቢዕ ጋር ወንድም አደረጓቸው፤ ሰዕድም የገንዘባቸውን እኩሌታ ሊያካፍሏቸው ወደዱ። እርሳቸው ግን ከመረቋቸው በኋላ የገበያውን መንገድ እንዲያሳዩዋቸው ብቻ ጠየቁ። ወደ በኑ ቀይኑቃዕ ገበያም ወርደው በቅቤና በደረቅ አይብ ነገዱ፤ ብዙም ሳይቆዩ ትዳር ያዙ። ልባቸው በሰው ገንዘብ ላይ አልተንጠለጠለም፤ እግራቸውም ከመሄድ አልቦዘነም።

ከላይ ባነሣነው ጁምዓ ከቀሩት 12 ሰዎች መካከል አቡ በክርና ዑመር ይገኙ ነበር፤ ሁለቱም ነጋዴዎች ነበሩ። ዑመር ኸሊፋ በሆኑ ጊዜ አቡ ሙሳ አል አሽዐሪ ወደ ደጃቸው መጥተው፥ ሦስት ጊዜ ፈቃድ ጠይቀው መልስ ስላላገኙ ተመለሱ። ዑመር የመመለሳቸውን ምክንያት ሲጠይቁ፥ ነቢዩ እንዲህ ማዘዛቸውን ነገሯቸው፤ ዑመርም ምስክር እንዲያመጡ አሉ። አቡ ሰዒድ አል ኹድሪ መጥተው መሰከሩ። በዚያን ጊዜ ዑመር ረዲየላሁ ዐንሁ፥ ይህ የነቢዩ ትእዛዝ ከእርሳቸው የተሰወረው የገበያ ሥራ ስላዘናጋቸው መሆኑን በሰው ፊት ተናገሩ።