የተልባ ዘይትና የጠመንጃ ሰደፍ

ተልባን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። በጾም ወራት ተቆልቶ፣ ተወቅጦና ተበጥብጦ ይጠጣል፤ እንጀራም ይፈተፈትበታል። ይኸው ተልባ በእንግሊዝ አገር ሌላም ሙያ አለው። ዘይቱ ለረጅም ዘመን የጠመንጃ ሰደፍ ማስዋቢያና መጠበቂያ ሆኖ ኖሯል። በዚህ ጽሑፍ ሥራው እንዴት እንደሚከናወን፣ ለምን ጊዜ እንደሚፈጅና ምን አደጋ እንዳለው በአጭሩ እንመለከታለን።

ዘይቱ ለምን ይደርቃል?

ብዙዎቻችን ዘይት የሚደርቀው እንደ ውኃ ተንኖ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። የተልባ ዘይት ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ይተሳሰሩና ይጠጥራል። የወይራ ዘይት ይህ ጠባይ ስለሌለው ሰደፍ ላይ ቢቀባ እንደወዛ ይቀራል።

ጥሬው የተልባ ዘይት ለመድረቅ ቀናት ይፈጅበታል። «የተቀቀለ» ተብሎ የሚሸጠው ቶሎ ይደርቃል፤ ግን ስሙ አያታላችሁ። ዛሬ በአብዛኛው የሚያፈጥነው መቀቀሉ ሳይሆን የተጨመሩበት እንደ ኮባልትና ማንጋኒዝ ያሉ የብረት ውህዶች ናቸው።

አሠራሩ

ከሁሉ በፊት ጠመንጃው ጥይት እንደሌለበት ይረጋገጥና እንጨቱ ከብረቱ ይለያል። አሮጌው ቅብ ይነሣል። ከዚያ እንጨቱ የጅማቱን አቅጣጫ ተከትሎ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ቀጥሎ በእርጥብ ጨርቅ ይታሻል፤ ሲደርቅ ብድግ የሚሉት ጭረቶች በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይቆረጣሉ። ይህ ካልተደረገ ኋላ ዝናብ ሲነካው ሰደፉ ይሻክራል።

በእንግሊዝ ባህል የጥሩ ጠመንጃ ሰደፍ ከዋልነት እንጨት ይሠራል። ቀላ እንዲል ከተፈለገ አልካኔት የተባለ ተክል ሥር የተዘፈዘፈበት ዘይት ይቀባል።

ዋናው ሥራ የሚመጣው አሁን ነው። ጥቂት ጠብታ ዘይት በመዳፍ ተይዞ እንጨቱ እስኪሞቅ ይታሻል፤ የተረፈው ይጠረግና እስኪደርቅ ይተዋል። ከዚያ እንደገና። የባለሙያዎቹ የቆየ አባባል «ለሳምንት በየቀኑ፣ ለወር በየሳምንቱ፣ ለዓመት በየወሩ፣ ከዚያ ዕድሜ ልክ በየዓመቱ» ይላል። ቸኩሎ ደለብ አድርጎ የቀባ ሰው ላዩ ይደርቅለትና ውስጡ እንደተለጠለጠ ይቀራል።

ቫርኒሽ ውኃን ከዘይት በተሻለ ይከላከላል፤ ይሄ አይካድም። ነገር ግን ቫርኒሽ ሲጫር ጠባሳው ያስታውቃል። የዘይት ቅብ ግን የተጎዳው ቦታ ብቻ ታሽቶ ይታደሳል።

የጨርቁ ነገር

ዘይቱን የሚያደርቀው ሂደት ሙቀት ይፈጥራል። ሰደፉ ላይ ሙቀቱ ወደ አየር ይበተናል። በተጨማደደ ጨርቅ ውስጥ ግን ይታመቅና ማንም ክብሪት ሳይጭር እሳት ያስነሣል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1991 በአሜሪካ ፊላደልፊያ፣ ባለ 38 ፎቁ ዋን ሜሪዲያን ፕላዛ 22ኛ ፎቅ ላይ እንጨት የሚያድሱ ሠራተኞች የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ትተው ሄዱ። እሳቱ ከ18 ሰዓት በላይ ነደደ፤ 3 የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ሞቱ። 30ኛው ፎቅ ላይ የገታው ከጣሪያ የሚረጨው ውኃ ነበር።

ስለዚህ ጨርቁ አይጠቀለልም፣ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥም አይጣልም። ደጅ ላይ ለብቻው ተዘርግቶ ይደርቃል፤ ካልሆነም ውኃ በተሞላ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ይነከራል።

ስለ ሙያ የምንጽፍ የጋዜጠኝነት ተማሪዎችም ከዚህ አንድ ነገር እንያዝ። ሠሪው ሰደፉ ሲያብረቀርቅለት ጨርቁን ይረሳዋል። ማስታወስ የጸሐፊው ፋንታ ነው።