የተዘጋ ክስ፣ ያለፈ ክስ፦ ጠበቃ ሲከሰስ



ጠበቃ የደንበኛው ወኪል ነው፤ ውክልናም አማና ነው። በፊቅህ ወኪል ያለ ጥፋቱ ለደረሰ ጉዳት አይጠየቅም፤ ድንበር ካለፈ ወይም ችላ ካለ ግን ይጠየቃል።

ደንበኛ ጠበቃውን ሲከስ ፍርድ ቤት ምን ያያል? የአሜሪካዋን የኒው ዮርክ ግዛት እንመልከት። ተከሳሹ ጠበቃ ገና ምስክር ሳይሰማ «ክሱ ይዘጋልኝ» ብሎ ማመልከት ይችላል። ዳኛው ያኔ ማን እውነተኛ እንደሆነ አይመረምሩም። ከሳሹ የዘረዘረውን ፍሬ ነገር እንደ እውነት ይዘው «ይህ ቢረጋገጥ በሕግ ያስጠይቃልን?» ይላሉ።

ክሱ ሦስት ነገሮችን ማሳየት አለበት፦

1. ጠበቃው ከሙያው የሚጠበቀውን ጥንቃቄ ማጉደሉን፤
2. ያ ጉድለት ባይኖር ኪሳራው የማይደርስ መሆኑን፤
3. ኪሳራው በእርግጥ መድረሱን።

ብዙውን ጊዜ የሚያስቸግረው ሁለተኛው ነው። ጠበቃው የይግባኝ ቀን አሳለፈ እንበል። ይግባኙ በጊዜው ቢቀርብ ኖሮ ደንበኛው ያሸንፍ እንደነበር የሚያሳይ ፍሬ ነገር ያስፈልጋል፤ «ምናልባት» አይበቃም። ከበርካታ አግባብ ያላቸው መንገዶች አንዱን መምረጥም ጥፋት አይባልም። ይርጋው 3 ዓመት ነው፤ ጠበቃው በዚያው ጉዳይ መወከሉን የቀጠለበት ጊዜ ግን አይቆጠርም።

በፊቅህም ቃዲው ማስረጃ ከመጠየቁ በፊት ክሱ ራሱ ግልጽና የተሟላ መሆኑን ያያል።

እንግዲህ ክስ መዘጋቱ ብቻውን ከሳሹን ውሸታም፣ ማለፉም ተከሳሹን ጥፋተኛ አያሰኝም። ስለ ሰው ክብር ስናወራ ይህን ልዩነት እንጠብቅ። አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን።