ዮጋ ልትጀምሪ ነው? እስቲ ነይ ቁጭ በይ

ስልኩን አስቀምጪውና ስሚኝ። ዮጋ ልጀምር ነው ካልሽ ወዲህ የምታሳዪኝ ፎቶ ብቻ ነው፤ ነጭ ግድግዳ፣ ሻማ፣ የተንጠለጠለ አበባ። ያምራል፣ አልካድኩም። ግን ሆዴ፣ ግድግዳው ጉልበትሽን አያይልሽም። አይታ «ቆዪ፣ እግርሽን ትንሽ ወደ ውጭ» የምትልሽ አስተማሪዋ ናት። ስለዚህ ቤት ከመምረጥሽ በፊት ሰው ምረጪ።

መጀመሪያ ርቀቱን እንጨርስ፤ ብዙ ወሬ አይፈልግም። መገናኛ እየሠራሽ፣ ሲኤምሲ እየኖርሽ፣ ሳር ቤት አትመዝገቢ። ክላሱ ሲጀመር አንቺ ገና መንገድ ላይ ነሽ። ክረምት ሲገባማ ከሰዓት በኋላ ያለውን ዝናብና የታክሲ ሰልፍ ታውቂዋለሽ። ከሥራሽ ወይ ከቤትሽ በእግር፣ ቢበዛ በአንድ ታክሲ የምትደርሺበት ይሁን። መመለሻውንም አስቢ፤ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መብራትና ሰው ያለበት መንገድ ነው ወይ?

ከዚያ ደውዪ። በቴሌግራም ዋጋ ብቻ ጠይቀሽ አትመለሺ፤ የምታስተምረዋን አገናኙኝ በይ። የት እንደሠለጠነች ጠይቂያት፣ ነውር የለውም። በብዙ አገር የአስተማሪነት መነሻ ተደርጎ የሚታየው የ200 ሰዓት ሥልጠና ነው። መነሻ ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት እንዳስተማረች፣ ጀማሪ ይዛ እንደምታውቅ ጨምረሽ ጠይቂ። በአንድ ጊዜ ስንት ሰው እንደሚገባም እንዲሁ። አሥር፣ አሥራ ሁለት ከሆነ ታይሻለች። አዳራሹ ከታጨቀ ግን ጀማሪ ከኋላ ተደብቆ የጎረቤቱን እግር ሲኮርጅ ያመሻል፤ አንቺን ደግሞ አውቅሻለሁ፣ ከኋላ መደበቅ ትወጃለሽ። ፊት ለፊት ተቀመጪ።

የስሙ ብዛት አያደናግርሽ። ሀታ የሚባለው ረጋ ያለ ነው፤ አንዱን አቋቋም ይዘሽ ትቆያለሽ፣ ለመማር ጊዜ ይሰጥሻል። ቪንያሳ ከትንፋሽ ጋር ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይቋረጥ ይሄዳል፣ ያልባል። አሽታንጋ ቅደም ተከተሉ የማይለወጥ፣ ጠንካራ ነው፤ ለጊዜው አቆዪው። ክፍሉን እስከ 40 ዲግሪ ገደማ አሙቀው የሚያሠሩትን ደግሞ ደም ግፊት ካለብሽ ወይም ካረገዝሽ አትሞክሪው።

ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አጎንብሰሽ «ወገቤን» ለምትዪው ለአንቺ ግን፣ አየንጋር የሚባለውን የሚያስተምር ካገኘሽ ዕድለኛ ነሽ። መሥራቹ ቢ.ኬ.ኤስ. አየንጋር (1918–2014 እ.ኤ.አ.) በልጅነታቸው በሽታ ያደቀቃቸው ሰው ነበሩ። በኋላ ቀበቶውን፣ የእንጨት ብሎኩን፣ ብርድ ልብሱን፣ ወንበሩን ሳይቀር ወደ ክፍሉ አስገብተው፣ እጁ መሬት የማይደርስለት ሰው ሰውነቱን ሳይጎዳ እንዲሠራ አደረጉ። ስቱዲዮ ስትጎበኚ ጥግ ላይ ብሎክና ቀበቶ ተደርድሮ ካየሽ፣ ልክ እንደ አንቺ ያለ ግትር ወገብ ታስቦበታል ማለት ነው። ዕቃው ከሌለም ወንበር አምጡልኝ ስትዪ የማይገረሙ መሆናቸውን እዪ።

የመጀመሪያው ቀን ፈተና ነው፤ ተፈታኟ ግን አስተማሪዋ ናት። ምንጣፉ ላይ ከመቀመጥሽ በፊት ስለ ወገብሽ፣ ስለ ጉልበትሽ፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ እርግዝና ከጠየቀችሽ ነጥብ ስጫት። ካልጠየቀች አንቺው ንገሪያት፤ ስትነግሪያት ፊቷን እዪ። «ችግር የለም፣ ዮጋ ሁሉን ያድናል» ካለችሽ ጫማሽን አድርጊ። የምታውቅ ሰው እንዲህ አትልም። ደም ግፊት ወይም የዓይን ግፊት ላለበት ሰው ጭንቅላት ወደ ታች የሚሆንባቸውን ትተዋለች፤ ለነፍሰ ጡር በሆድ መተኛቱንና መጠማዘዙን በሌላ ትቀይራለች፣ ሐኪምሽ ምን እንዳሉም ትጠይቃለች። ከዋሽንግተን የመጣችው ጓደኛሽ አብራሽ ከሄደችና ትንፋሽ ካጠራት ደግሞ ከተማችን አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኗን ነግራ ታሳርፋታለች።

ስለ እጅ ደግሞ በግልጽ ልንገርሽ። አስተማሪ አቋቋም ለማስተካከል ይነካል፣ የሙያው አካል ነው። ግን አስፈቅዶ ነው። ስማቸው በዓለም የገነነ የዮጋ መምህራን ሳይቀሩ ተማሪዎቻቸውን አላግባብ በመንካት ክስ ቀርቦባቸዋል፤ ስለዚህ ታዋቂነት ዋስትና አይሁንሽ። «እኔን አትንካኝ» ማለት ትችያለሽ፣ ምክንያት መስጠት የለብሽም። ፊቱ ከተቀየረ ወይም «ዘና በይ እንጂ» ካለሽ፣ የከፈልሽው ገንዘብ ሳያሳዝንሽ ውጪ። መንገድ ላይ ሆነሽም ቢሆን ደውዪልኝ።

አሁን ቤት ውስጥ ወደሚነሣው ጥያቄ እንምጣ። እማዬ «የማን እምነት ነው?» ማለቷ አይቀርም። አትሳቂባት የኔ ቆንጆ፣ የሚገባ ጥያቄ ነው። ዮጋ የህንድ ነው፤ ከጥንታዊ ሃይማኖታቸውና ፍልስፍናቸው ጋር አብሮ ያደገ ነው፤ ይህን የምትክድ አስተማሪ አታስፈልግሽም። እንዲያውም ዩኔስኮ ዮጋን በቅርስነት የመዘገበው እዚሁ አዲስ አበባ በተቀመጠው ጉባኤ ነው፣ ኅዳር 2009 ዓ.ም.። የኦሮሞ ገዳ ሥርዓትም የተመዘገበው በዚያው ጉባኤ ነበር። የሌላ ሕዝብ ቅርስ ነውና አክብረሽ፣ ከየት እንደመጣ አውቀሽ ግቢ። ብዙ ቦታ የሚሠራው ሰውነት ማፍታታትና ትንፋሽ ነው። አንዳንዱ ጋ ግን መጀመሪያና መጨረሻ ላይ «ኦም» ያስብላሉ፣ በሳንስክሪት ያዜማሉ። ስትደውዪ አስቀድመሽ ጠይቂ። ዝም ብለሽ መቀመጥ ትችያለሽ፤ ቅር የምትሰኝ አስተማሪ ካለች እሷ ጋ አትሂጂ። ልብሽ እረፍት ካጣ የንስሐ አባትሽን አማክሪ፤ ሙስሊሟ ጓደኛሽም የምታምናቸውን ሼክ ትጠይቅ። ካልተስማማሽ ተይው፣ ለወገብሽ ፊዚዮቴራፒም ጂምም አለልሽ። ከእማዬ ተደብቀሽ ግን አትጀምሪ፤ ስታውቅ የሚጎዳት ዮጋው ሳይሆን መደበቅሽ ነው።

ጾሙንም አስቢበት። ከምግብ በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት ሳትቆዪ ማጎንበስ አይመችሽም፤ እንጀራ በልተሽ ከሆነማ ራስሽ ታዪዋለሽ። በሌላ በኩል በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይተሽ፣ ውኃ እንኳ በአፍሽ ሳይዞር፣ ቪንያሳ ልሥራ አትበዪ። በጾም ወራት ረጋ ያለውን ክላስ ያዢ፣ ወይም ከበላሽ በኋላ ወዳለው የማታ ሰዓት አዙሪው። አስተማሪሽ በጾምና በረመዳን ሰዓት የምታስተካክል ከሆነች፣ ይህችን ልጅ አትልቀቂያት።

ገንዘብ፦ የሦስት ወር ክፈዪ፣ ቅናሽ አለው ሲሉሽ እሺ እንዳትዪ። መጀመሪያ የአንድ ቀን ብቻ ክፈዪ፣ ቀጥለሽ ወር በወር። ብትታመሚ ወይ ለመስክ ሥራ ክፍለ ሀገር ብትሄጂ የቀረው ቀን ይተላለፋል ወይ? ይህን በጽሑፍ ያሳዩሽ። በቴሌብር ከከፈልሽ መልእክቱን አታጥፊ። ምንጣፍ አዲስ አትግዢ፤ የእነሱን እየተጠቀምሽ ቆዪ፣ ብቻ አሽትተሽ እዪው፣ ካልጸዳ ፎጣ አንጥፊበት። ልብሱም ቢሆን ያለሽ ታይትና ሰፋ ያለ ቲሸርት ይበቃል። ልብስ መቀየሪያው በሩ የሚቆለፍ ይሁን።

በማግሥቱ ጡንቻሽ ቢዝል ደግ ነው፤ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፣ ይተውሻል። ጉልበትሽን ወይ አንገትሽን እንደ መርፌ ከወጋሽ ግን ያ ሌላ ነገር ነው፤ ልቻለው አትበዪ፣ ለአስተማሪሽ ንገሪያት፣ ካልተወሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። ለመወሰንም አትቸኩዪ፤ ሁለት ሦስት ቦታ ሞክረሽ አወዳድሪ።

በይ ተነሺ፣ ነገ የምትደውዪባቸውን ቁጥሮች አሁን እንጻፍ። ክላስ ስትገቢ ስልክሽን አጥፊው። እማዬ ደውላ ካጣችሽ ወደ እኔ ነው የምትደውለው፤ «ዮጋ ላይ ናት፣ ስትወጣ ትደውልልሻለች» እላታለሁ።