መንጋጋው አብጧል፤ ግን አያመውም

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ9 ዓመት ልጄ የታችኛው መንጋጋው በቀኝ በኩል ካበጠ 8 ወር ሆነው። አያመውም፤ ይበላል፣ ይጫወታል። መጀመሪያ ጆሮ ደግፍ ነው ተባልን። ቀጥሎ ጥርሱ ተነቀለ፤ እብጠቱ ግን ያው ነው። አሁን ናሙና ይወሰድ ሲባል ዘመድ አዝማድ «ብረት ከነካው ይዛመታል» ብሎ ከለከለኝ። ምን ይሻለኛል? (እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ናሙናው ይወሰድ። ቢቻል በዚህ ሳምንት።

«ብረት ከነካው» የሚሉትን ወሬ መስማት ሰልችቶኛል። ናሙና መውሰድ ደህናውን እጢ ካንሰር አያደርገውም። ቤተሰብ ዓመት ያቆየዋል፣ ከገፋ በኋላ ናሙና ይወሰዳል፣ ልጁ ሲብስበት ጥፋቱ በመሣሪያው ይላከካል።

ጆሮ ደግፍ 8 ወር አይቆይም።

በልጆች መንጋጋ ላይ የሚወጡ ካንሰር ያልሆኑ እጢዎች እምብዛም አያጋጥሙም፤ ዓይነታቸው ግን ብዙ ነው። ቼሩቢዝም የሚባለው ሁለቱንም ጉንጭ ያሳብጥና አብዛኛውን ጊዜ ከጉርምስና በኋላ ራሱ ይከስማል። አሜሎብላስቶማ የሚባለው ግን አይከስምም፤ ሳያሳምም ለዓመታት አጥንቱን ከውስጥ ያሳሳል። ሲጫኑት እንደ እንቁላል ቅርፊት የሚንኮሻኮሽ መንጋጋ ይዘው የሚመጡ ልጆች አሉ። አንዱን በክትትል እናልፈዋለን፣ አንዱን እንፍቃለን፣ ለሌላው መንጋጋ ቆርጠን ከዳሌ በተወሰደ አጥንት እንተካለን። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ራጅና ናሙና ነው። ስለዚህ እህቴ፣ «አያመውም» ማለትዎ እኔን አያጽናናኝም።

ራጅ ሳይነሳ ጥርስ መንቀል አይገባም ነበር፤ ያለፈው አልፏል። አሞክሳሲሊንም ሆነ ሌላ አንቲባዮቲክ እጢ አያጠፋም። መተኮስና ቅጠል መለጠፍ በእጢው ላይ ቁስል ይጨምራል። ጸበል ያስጠምቁት፣ አልከለክልም፤ በቀጠሮው ቀን ግን ሐኪም ቤት ይገኙ።

ለሌሎች ወላጆች ደግሞ፦ እብጠቱ በቀናት ውስጥ ካደገ፣ ጥርስም ከተነቃነቀ፣ ቡርኪት ሊምፎማ ሊሆን ይችላል። ይህ ካንሰር ነው፤ ለነገ አይባልም። በኬሞቴራፒ ግን ብዙ ልጆች ይድናሉ። የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በመጀመሪያው ዙር እብጠቱ እልም ሲል «ዳነልን» ብለው ልጁን ይዘው ይጠፋሉ። አልዳነም! ከዓይን ተሰወረ እንጂ። ዙሩ ሳይሞላ ያቋረጠ ልጅ ሲመለስ በሽታው ለመድኃኒት አስቸጋሪ ሆኖ ይጠብቀናል።

የእርስዎ ልጅ ቀዶ ሕክምና ቢደረግለትም ክትትሉ የዓመታት ነው። አሜሎብላስቶማ ከሆነ ከ10 ዓመት በኋላም ሊመለስ ይችላል። ራጁንና የናሙናውን ውጤት አይጣሉ፤ ከተማ ቢቀይሩ አዲሱ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቅዎ እነሱን ነው።