ለሰርግ ድንኳን የሚሆን ፒካፕ

እንጭኒና አካባቢዋ ሰርግ የሚበዛው በጥር እና ከፋሲካ በኋላ ነው። በእነዚህ ወራት የተጠራ ጊታሪስት የሚያገኘው ድንኳን፣ ጄኔሬተር፣ ከሰው ቤት የተሳበ ማራዘሚያ እና አንድ ሚክሰር ነው። የጊታር አምፕሊፋየር ይዞ የሚመጣ ባንድ ጥቂት ነው። እንግዲህ ፒካፕ፣ ማለትም የጊታሩን ክር ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ዕቃ፣ መመረጥ ያለበት ለዚህ ቦታ ሆኖ ሳለ ብዙዎቻችን የምንመኘው ቪዲዮ ላይ ያየነውን ነው።

«ድምፁ ታፈነ፣ ፒካፑ ደከመ» ብሎ ወደ ግዢ የሚቸኩል ሰው መጀመሪያ ገመዱ የት እንደተሰካ ይይ። ባትሪ የሌለው ፒካፕ 1 ሜጋ ኦም ገደማ የሆነ መግቢያ ይፈልጋል። የሚክሰር የላይን መግቢያ ግን ብዙውን ጊዜ በአስር ኪሎ ኦሞች የሚቆጠር ነው፤ የማይኩማ ከዚያም ያንሳል። ጊታሩን በቀጥታ ስትሰኩት ቀጭኑና ጥርት ያለው ድምፅ እዚያው ይበላል። መፍትሔው አክቲቭ ዲአይ ቦክስ ነው፤ ሚክሰሩ የጊታር መግቢያ ቁልፍ ካለው እሱም ይበቃል። ስንት ሰው በዚህ ምክንያት ደህና ፒካፕ አውልቆ ጥሏል!

እምምም የሚለው ኖይዝ ግን እውነትም የፒካፕ ጉዳይ ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ሲንግል ኮይል አንድ የሽቦ ጥቅል ብቻ ስላለው ከትራንስፎርመር፣ ከጄኔሬተርና ከዲመር የሚመጣውን ሁሉ ይሰበስባል። የጊብሰን ኩባንያው ሴዝ ላቨር በ1955 እ.ኤ.አ. ሁምበከርን የሠራው ለዚህ ነበር፤ ሁለት ጥቅሎች ተገለባብጠው ስለሚገናኙ፣ ማግኔታቸውም ስለሚገለበጥ፣ ኖይዙ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ የክሩ ድምፅ ደግሞ ይደመራል።

ማይኩ ከንፈር የሚነዝር ከሆነ ግን ፒካፕ አያድናችሁም። ያ የኧርዝ ችግር ነው፤ ጨዋታው ቆሞ ኤሌክትሪሻን ይጠራ። ስኮትላንዳዊው ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ በ1972 እ.ኤ.አ. በስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ የሞተው ኧርዝ የሌለው ማይክ ነክቶ ነው።

ታዲያ ሁሉም ሰው ሁምበከር ይግዛ? እኔ አልመክርም። ረገዳ ሲመታ ኪቦርዱ መሀሉን ይሞላዋል፣ ቤዙ ከታች አለ፤ ጊታሩ የሚቀረው አጫጭር ምት እና ከላይ የሚሽከረከር ዜማ ነው። ወፍራም ሁምበከር እዚያ ውስጥ ይሰምጣል። ምርጫዬ ብሪጁ ላይ ለስላሳ ሁምበከር፣ መሀልና አንገት ላይ ሲንግል ነው፤ ሆኖም የመሀሉ ጥቅሉም ማግኔቱም የተገለበጠ መሆን አለበት። ያኔ መሀልና አንገት አብረው ሲከፈቱ ሁለቱ ሲንግሎች እንደ ሁምበከር ኖይዙን ይሰርዛሉ። ብዙ የሰርግ ዘፈን በዚህ ቦታ ብቻ መጫወት ይቻላል።

ከመግዛት ይልቅ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በማጣመር ላይ ነው። ክር ከብሪጅ አጠገብ ይልቅ ወደ አንገት ሲጠጋ በሰፊው ይርገበገባል፤ ስለዚህ የአንገቱ ፒካፕ ደከም ያለ፣ የብሪጁ ጠንከር ያለ መሆን አለበት። በቴስተር ሲለካ የተለመደ ሲንግል 6 ኪሎ ኦም ገደማ ነው፣ የድሮው ዓይነት ሁምበከር ከ7.5 እስከ 8.5፣ «ሆት» የሚባለው 14 ወይም 15። ብሪጁ ላይ 15፣ አንገቱ ላይ 6 ብታስገቡ መቀያየሪያውን ባዞራችሁ ቁጥር ድምፁ ይወርዳል፤ ሳውንድ ማኑ ከፍ ያደርገዋል፤ ስትመልሱት ደግሞ የሙሽሮቹን ጆሮ ይበጥሳል። ብሪጁ 8 ከሆነ ሲንግሎቹ 6 ወይም 6.5 ይሁኑ። ይህ ግን መነሻ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ በትክክል የሚያወዳድረው ተመሳሳይ ዓይነት ፒካፖችን ብቻ ነው፤ ሽቦው ከቀጠነ ወይም ማግኔቱ ከተለየ 8 የሚለው ቁጥር ሌላ ነገር ይናገራል። ቮልዩሙም ይታሰብበት፦ ለሲንግል 250 ኪሎ ኦም፣ ለሁምበከር 500 የተለመደ ነው።

ሶልደር ከማድረጋችሁ በፊት አንድ ፈተና አድርጉ። ቴስተሩን 20 ኪሎ ኦም ላይ አድርጋችሁ ቀዩን መርፌ ድምፅ ተሸካሚው ሽቦ ላይ፣ ጥቁሩን ኧርዙ ላይ አስይዙ። ወፍራም የብረት ካቻቢቴ ፒካፑ ፊት ላይ ለጥፋችሁ በፍጥነት ንቀሉ። ቁጥሩ ለቅጽበት ይወጣል ወይም ይወርዳል። ሁለተኛውንም እንዲሁ አድርጉ። አንዱ ወጥቶ ሌላው ከወረደ፣ ሁለቱ አብረው ሲከፈቱ ባሱ ይጠፋል፣ ድምፁም ባዶ ቆርቆሮ ይሆናል፤ የአንዱን ሁለት ሽቦዎች ቦታ አቀያይሩ። የሽቦ ቀለም አትመኑ። በሲሞር ደንከን ድምፅ ተሸካሚው ጥቁር ነው፣ ቀይና ነጩ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ በዲማርዚዮ ደግሞ ቀዩ ነው፣ የሚያያዙት ጥቁርና ነጭ ናቸው። በአንዱ ሥዕል ሌላውን የገጠመ ሰው ድምፁ የቀጠነ ጊታር ይዞ ይቀራል።

ክራርና ማሲንቆ ለምትሠሩ፣ ማግኔት ያለው ፒካፕ የሚሰማው የብረት ክር ብቻ ነው። ጅማት ወይም ናይለን ያለው ክራር፣ የፈረስ ጭራ ያለው ማሲንቆም የአካሉን ንዝረት የሚቀበል ፒዬዞ ይፈልጋሉ። ብረት ክር ባለው ክራር ላይ የጊታር ፒካፕ ስትገጥሙ የፒካፑ የማግኔት ነጥቦች ከክሮቹ ጋር አይገጥሙም፤ ስለዚህ ከዳር እስከ ዳር ወጥ ብረት ያለውን፣ ሬይል የሚባለውን ውሰዱ።

የመጨረሻው ሥራ ቁመት ነው። ክሩን መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ከፒካፑ ያለውን ክፍተት ለኩ፤ ብሪጁ ላይ 2 ሚሊ ሜትር፣ አንገቱ ላይ 3 ገደማ ጥሩ መነሻ ነው። በተለይ ሲንግልን አታስጠጉ፤ ማግኔቱ ክሩን ይስበዋል፣ የላይኞቹ ፍሬቶች ላይ ቅኝቱ ይወላገዳል፤ አንቺሆዬ ስትጫወቱ ደግሞ ወዲያው ይሰማል። ቁመቱን የምታስተካክሉት ሙሉ ባንዱ ባለበት ልምምድ ላይ፣ በመድረኩ ድምፅ መጠን ይሁን። ቤት ውስጥ በትንሽ ስፒከር የተስማማው ቁመት ከበሮና ቤዝ ሲገቡ አይሠራም።